የቃርሚያው ጥጥ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥጥ ስዳብስ ኖርኩ እላቸዋለሁ። የምቀልድ ይመስላቸዋል። ቀልድ አይደለም። ሥራ ከያዝኩበት ቀን አንስቶ መሥሪያ ቤቱ እስካሰናበተኝ ድረስ የሰው ጥጥ በጣቴ ስጎትት፣ በጉንጬ ስለካ፣ ዘሩን በጥርሴ ስሰብር ነው የኖርኩት። የተረፈኝ ጠዋት ጠዋት የሚነሳብኝ ሳልና ዳገት የማይወድ ጉልበት ነው። በሽኝቱ ቀን ሥራ አስኪያጁ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ከዚያ ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢው የፋብሪካ ክር መሆኑን ገና ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ አወቅሁት። በሽኝት ቀን ግን ደረጃ አይመደብም፤ አመስግኜ ተቀመጥኩ።

አሁን ወልድያ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው ከዚያ ሁሉ ዘመን ብዙው ተረስቶኛል። የአለቆቼን ስም እንኳ አንዳንዴ አደባልቃለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም፤ መርሳ ሳለሁ የሆነ ነገር ነው። እሱን ለመናገር ከሥር መጀመር አለብኝ፤ አለዚያ ሰው አይገባውም።

የተወለድኩት ጉባ ላፍቶ ደጋው ላይ ነው። ደጋ ጥጥ አያበቅልም። ጥጥ ተክል መሆኑን እንኳ በደንብ ያወቅሁት ሥራ ስይዝ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ እኛ ዘንድ ከገበያ የሚመጣ ነገር ነበር። መጀመሪያ የተመደብኩት ቆላ፣ አንድ የመንግሥት የጥጥ መዳመጫ ውስጥ ነው። መዳመጫ ማለት ገበሬው ለቅሞ ያመጣውን ጥጥ ከዘሩ የሚለይ ማሽን ያለበት ቤት ነው። ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ማሽኑ ያደነቁራል፣ ብናኙ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። በመጣሁ በሳምንቴ ሻንጣዬን አስሬ ነበር። ያስቀሩኝ ጋሽ ሙሄ ናቸው።

ጋሽ ሙሄ የደረጃ መዳቢዎቹ አለቃ ነበሩ። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ንግግራቸው ዝቅ ያለ፣ ዘወትር ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ሻንጣዬን አይተው አለፉት። እጅሽን አሳዪኝ አሉኝ። «ታጥበሻል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አሸተቱት። የቅባት ሽታ አገኙበትና እንደገና እንድታጠብ ሰደዱኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት እጄን ቅባት ነክቶት አያውቅም፤ ቆዳዬ እንደ ሙቀጫ ሻካራ ሆኖ ቀረ። ቅባት የነካ እጅ ጥጡ ላይ ይጣበቃል፣ የሚዳብሰውንም ይዋሻል ይሉ ነበር።

የሥራቸው አካሄድ እንዲህ ነበር። ገበሬው ጆንያውን አውርዶ ሲቆም መጀመሪያ በደንብ ሰላምታ ይሰጡታል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ ይጠይቁታል። ያ ሲያልቅ ጀርባቸውን ያዞሩበታል። እንደዚያ ዞረው ቆመው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው መሀል ይከታሉ፤ ከላይ ያለውን አይነኩም፤ ከላይ ምርጡን የማያደርግ ሰው የለምና። ከመሀል ቆንጥረው ያወጡትን በሁለት አውራ ጣትና በሁለት ሌባ ጣት ይዘው ቀስ እያሉ ይስቡታል፤ እንደገና ይደርቡታል፤ እንደገና ይስቡታል። በመጨረሻ ጣታቸው ላይ እንደ ጢም የምትቀር ቀጭን ነገር ትኖራለች። የእሷን ርዝመት በዓይናቸው ለክተው ጥጡን ጉንጫቸው ላይ ያደርጉታል፤ እርጥበት ካለው ይቀዘቅዛል። ካላመኑ አንድ ዘር አውጥተው በጥርሳቸው ይነክሳሉ። ደረቅ ዘር ቀጭ ይላል፤ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበት ጥጥ ዘሩ ድምፅ የለውም። ያ ሁሉ ሲያበቃ ነው ወደ ሰውየው የሚዞሩት።

ለምን ጀርባቸውን እንደሚያዞሩ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «ፊቱን ካየሁ ልጆቹን አያለሁ» አሉኝ። «ልጆቹን ካየሁ ጥጡን ማየት እተዋለሁ።» እኔ ይህን በአግባቡ መማር አልቻልኩም። ለመዞር እዞራለሁ፤ ጆሮዬ ግን ኋላዬ ያለውን ሰው ትንፋሽ ሲያዳምጥ ይቀራል። አንድ ልማዳቸውን ግን ወስጃለሁ። ጋሽ ሙሄ ለማንም ገበሬ «ጥጥህ መጥፎ ነው» ብለው አያውቁም። ጥጡን ከፍ አድርገው ያሳዩትና «ይሄ ደክሞታል» ይሉታል። ከዚያ የደከመበትን ምክንያት ይነግሩታል፤ ጤዛው ሳይደርቅ ተለቅሞ እንደሆነ፣ ወይም ትል ነክቶት እንደሆነ። ሰውየው ዝቅተኛ ደረጃ ተሰጥቶት እንኳ ተናዶ አይሄድም ነበር። አንዳንዱ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ጥጥ ይዞ ይመጣና በሩቁ «ጋሽ ሙሄ፣ ዘንድሮ አልደከመውም!» እያለ ይስቃል።

እዚያ እያለሁ የደረሰብን አንድ ነገር ሥራዬን ለወጠው። የጨርቅ ፋብሪካው አንድ ጥቅል ሰማያዊ ጨርቅ መለሰልን። ጨርቁ ላይ ነጫጭ ፀጉር የመሰለ ነገር ተበትኖበታል። ቀለሙ እነዚያን ክሮች አልያዛቸውም። ጋሽ ሙሄ አንዷን ነቅለው በክብሪት ለኮሷት፤ ቀለጠች። ማዳበሪያ ነበር። ገበሬው ጥጡን የሚያመጣበት ያ የፕላስቲክ ጆንያ፣ የማዳበሪያ መያዣው፣ በጠርዙ ይቦጫጨቅና ክሩ ከጥጡ ጋር ይቀላቀላል፤ ከገባ በኋላ ማንም ለይቶ አያወጣውም። መጋዘኑ ውስጥ የቀረውን ክምር ሁላችንም ተቀምጠን በእጃችን ለቀምነው። ዓይኔ የደከመው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መነጽር ለመድኩ። ከዚያ ዓመት በኋላ የትም ብመደብ መጀመሪያ የማስተምረው ጥጥ በጥጥ ጨርቅ ጆንያ ብቻ እንዲሞላ፣ የባለቤቱም ስም በቀለም ሳይሆን በክር እንዲሰፋበት ነው።

ጋሽ ሙሄ ሲሞቱ መዳመጫውም ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ወልድያ ቢሮ አዛወሩኝ። ስለ ወልድያ ቢሮ ብዙ የምለው የለም። ደመወዙ እንደ ነገሩ ነበር፤ የመስክ አበሉ ደግሞ መስኩ ከተረሳ በኋላ ይመጣል። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበር፤ ስብሰባ ይወድ ነበር እንጂ። ጥጥ በእጁ ነክቶ የማያውቅ መሆኑን ራሱም ይናገራል። ምንም ነገር ይዘሽለት ብትሄጂ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይላል። አቅጣጫው የት እንደተቀመጠ አንድም ቀን አላገኘሁትም። ብዙ ዓመት ወረቀት ሳገላብጥ ጣቴ ሥራውን ሊረሳ ደርሶ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሁላችንም ተበተንን፣ ተመለስን። ስንመለስ ቢሮው በር እንኳ አልነበረውም። ያኔ ነው መርሳ ሰው እንፈልጋለን የተባለው።

ነገሩ ፍትሐዊ ንግድ የሚሉት ነበር። የገበሬ ማኅበራቱ ዩኒየን ከባሕር ማዶ አንድ ጨርቅ ሠሪ አገኘ። ገዢው ለትንሹ ገበሬ ተመኑን ከዘር በፊት ይቆርጣል፤ ገበያው ቢወድቅ እንኳ ከዚያ አይወርድም። በላዩ ላይ ለመንደሩ የሚሆን ጭማሪ ይሰጣል፤ ገበሬዎቹ ተሰብስበው ምን ይሠራበት የሚለውን ይወስናሉ። በምላሹ ጥጡ የተከለከለ ኬሚካል እንዳይነካው፣ ከማን ማሳ እንደመጣም እንዲታወቅ ይፈልጋል። እኔ የዚህ ሁሉ አስተባባሪ ተብዬ ተላክሁ። መጋዘኑ መርሳ ከተማ ዳር፣ ማሳው ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ነው። ባጃጁ እስከሚሄድበት ይወስደኛል፤ የቀረውን በእግሬ።

የመርሳ ጥጥ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ጋሽ ይማም ይባላሉ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሰውን ሲያነጋግሩ ቶሎ የማይመልሱ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ስነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ይገዙን የነበሩት ፍትሕ አልነበራቸውም ማለት ነው ወይ አሉኝ። አልነበራቸውም አልኩ። ይህንማ እኛም እናውቅ ነበር፤ አዲሱ ነገር ሌላ ሰው ማወቁ ነው ብለው ሳቁ። ከዚያ አባላቱን ሰበሰቡልኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ደስ የሚል ዓመት ነበር። እንዲህ ያለ ዓመት በሥራ ዘመኔ ብዙ አላየሁም፤ ስለዚህ ልናገረው። ጓይ ትል የሚሉት ጥጥ የሚበላ ትል ሲነሳ ጎረቤት ገበሬዎች መርዝ ረጩ። የእኛዎቹ ማለዳ ማለዳ ወጥተው ትሉን በእጃቸው ለቀሙ፤ የኒም ቅጠል ዘፍዝፈው ውሃውን ረጩ። ሴቶቹ ለጆንያው ስም ሰፉ፤ ማንበብ የማትችለው እንኳ የባሏን ስም ቅርጽ አይታ በቀይ ክር ትሰፋው ነበር። ገዢው ጥጡን ወደደው። በጭማሪው ውሃ ወደ መንደሩ በቧንቧ እንዲመጣ ወሰኑ፤ ቦዩም መቆፈር ተጀመረ። እኔም ያኔ ደክሞኝ ያልተኛሁበት ሌሊት ነበረ ብል ውሸት ነው፤ ግን ድካሙ ሌላ ነበር።

አሁን ቃርሚያውን ልንገራችሁ። ጥጥ አንዴ አይለቀምም፤ ሲፈካ እየተጠበቀ ደጋግሞ ይለቀማል። የመጨረሻው ለቀማ ሲያልቅ ተክሉ ላይ እዚህም እዚያም የቀረ፣ መሬት ላይም የወደቀ ይኖራል። ባለ ማሳው ያን አያነሳም። ይተወዋል። መሬት የሌላቸው፣ ባል የሞተባቸው፣ አቅም ያጡ ሴቶች ገብተው ይቃርሙታል። ቃራሚ ሲገባ ባለ ማሳ እዚያ መቆም ነውር ነው፤ ጉዳይ እንዳለው ሰው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሴቶቹም የማንን ማሳ እንደገቡ አይጠየቁም። የአባሉንም፣ አባል ያልሆነውንም፣ የተረጨውንም፣ ያልተረጨውንም ሁሉንም ያዳርሳሉ። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ በዚያ አገር ማንም አይነካውም።

ከቃራሚዎቹ አንዷ ዘሃራ ናት። የእኔ እኩያ ትሆናለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿም ወጥተው ቀሩ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ወሬ የምትወድ ሴት ናት፤ መንገድ ላይ ካገኘችኝ ሳታስቀኝ አትለቀኝም ነበር። የዓመት ልብሷም፣ ጨውና ዘይቷም የሚወጣው ከቃርሚያዋ ነው። የቃርሚያ ጥጥ ግን ገበያ ሲወጣ ይታወቃል፤ ቅጠል ይበዛዋል፣ አጭር ነው። ነጋዴው ገና ሲያየው የደሃ መሆኑን ስለሚያውቅ እንደ ፈለገ ያደርጋታል። ይህን ያየው ጎረቤቷ ጀማል ጥጧን ወስዶ ከራሱ ጆንያ ጋር ይጨምርላት ጀመር። ጀማል የማኅበሩ አባል ነው። የእሷን ድርሻ በሙሉ ይሰጣታል፤ ለራሱ አይቆነጥርም። ለእሱ ሰደቃ ነበር፣ ለአላህ ብሎ የሚሰጥ። ሌሎቹም ለሌሎቹ ሴቶች እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ማኅበሩ በሚያስተምረውና በዚህ መካከል ግጭት አለ ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ስለ መርዝ ስናገር ሁሉም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ እነሱም አልረጩማ።

እኔም ጆንያዎቹን ሁሉ ከመሀል አውጥቼ አይቻለሁ። የመጨረሻ ለቀማና ቃርሚያ ሲዳበሱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ደክሟቸዋል። መርዝ ደግሞ በእጅ አይዳበስም። ጉንጭ ላይ ቢደረግ አይቀዘቅዝም፣ ጥርስም አይለየውም። ጋሽ ሙሄ ቢኖሩም አያገኙትም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከእኛ ጥጥ የተወሰደ ናሙና ተመርምሮ የተከለከለ ኬሚካል ተገኘበት። ከአዲስ አበባ አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ወጣት ናት፤ ሥራዋን የምታውቅ፣ ሰው የምታከብር ልጅ። ጫማዋን አውልቃ ከገበሬዎቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። የረጨ ሰው ካለ እንዲናገር ጠየቀች። የረጨ የለም አሉ። እውነታቸውን ነበር። ታዲያ ከየት መጣ ስትል ጀማል ተነሳ። የቃርሚያ ጥጥ ከራሱ ጋር ጨምሮ እንደነበር፣ ቃራሚዋ ከጎረቤት ማሳም እንደምትለቅም ሳይደብቅ ተናገረ። ጥፋት መሆኑ አሁን ገና ገባኝ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ተቆጣጣሪዋ አመሰገነችው። ከዚያ ብዕሯን አነሳችና የሴትዮዋን ስም ጠየቀችው።

ጀማል ተቀመጠ። ሌላም ሰው አልመለሰም። ተቆጣጣሪዋ ሰዎቹ ያልሰሟት መስሏት ደገመችው። ጋሽ ይማም ጉሮሯቸውን ጠርገው ስሟ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቋት። እሷም አስረዳች። የጥጡ ምንጭ ታውቆ ከተጻፈ፣ ያቺ ሴት ጥጧን ወደ መጋዘኑ እንዳታስገባ ከተደረገ፣ ነገሩ የሚታረም ስህተት ሆኖ ይዘጋል፤ ማኅበሩ ለፍትሐዊ ንግዱ የተሰጠው ሰርተፊኬት አይነካም። ምንጩ አይታወቅም ተብሎ ከተጻፈ ግን መላው ማኅበር ይታገዳል። ይህን ስትናገር ራሷም ደስ አላላትም። ስብሰባው እስከ ማግስቱ ይቆይ ተባለ።

ያን ዕለት ከሰዓት ጋሽ ይማም ቤት ሄድኩ። ለምኜ ላሳምናቸው ነበር የሄድኩት። በሩ ላይ መደብ አለ፤ እዚያ አስቀመጡኝ።

«ጋሽ ይማም፣ አንዲት ስም ናት» አልኳቸው። «አዲስ አበባ ፋይል ውስጥ ገብታ የምትቀር። ማንም አያነባትም።»

«ፋይሉን አልፈራሁም» አሉኝ። «እኛ እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች። ነገ በመጋዘኑ በር ስታልፍ አንቺ አትግቢ ልትባል ነው። ሰደቃ የተቀበለች ሴት፣ በእሷ የተነሳ አገሩ ሁሉ ተከሰሰ መባሏን ከሰማች ቃርሚያ የምትወጣ ይመስልሻል? እኔ አውቃታለሁ። ቤቷን ዘግታ ትቀመጣለች።»

«ማኅበሩስ? ውሃውስ? ቦዩ ተቆፍሮ ቧንቧ እየጠበቀ ነው።»

«አየሽ ልጄ፣ ማኅበሩ ብዙ ሰው ነው። ቢወድቅ ተያይዞ ይነሳል። እሷ ብቻዋን ናት።» ቀጥለውም «ሰጥተን ስናበቃ ስሟን አደባባይ ካወጣን ምኑን ሰጠነው? ወላሂ፣ እኔ ይህን አድርጌ ሰላቴን መስገድ አልችልም» አሉ።

ተናደድኩባቸው። ሰዎቹ ለዓመታት የተጎዱበትን ገበያ አምልጠው ሊወጡ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው፣ በገዛ ደግነታቸው ሊመለሱበት መሆኑ አቃጠለኝ። ቃራሚዎቹን ለብቻ ማኅበር እናድርጋቸው፣ ጥጣቸውንም ለመርሳና ለወልድያ ሸማኔዎች ለብቻው እንሽጥላቸው አልኳቸው። ጥሩ ሐሳብ ነው ለሚመጣው ዓመት ይሁን አሉኝ፤ የዘንድሮው ግን ስም ካልተሰጠ አይዘጋም። ጠላ እንዳላቀርብልሽ እኛ ቤት የለም ብለው ቀለዱና ወተት አስመጡልኝ። ወተቱን ጠጥቼ መንገዱን ስወጣ እያለቀስኩ ነበር።

በማግስቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ጋሽ ይማም የሴትዮዋን ስም እንደማይሰጡ፣ የሚመጣውን እንደሚቀበሉ ተናገሩ። አንድ ሰው ብቻ ተቃወመ፤ ለልጆቹ ሲል ነበር፣ አልፈረድኩበትም። እሱም ቢሆን ስም ስጡ አላለም፤ ለምኑልን ነበር ያለው። ተቆጣጣሪዋ ወደ እኔ ዞረች። አንቺ ታውቂያታለሽ አለችኝ። ስም የሚሰጠው ማኅበሩ ነው አልኳት። ምንጩ አይታወቅም ብላ ጻፈች። መርሳ ገብተን ምሳ አብረን በላን። ሚኒባሱ ላይ ስትወጣ አቀፈችኝ።

ማኅበሩ ታገደ። ገዢው እጠብቃለሁ ቢልም ሊጠብቅ አልቻለም፤ ሌላ አገር ሄደ። ወልድያ አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ማኅበሩ ታግዶ የሚቆይበትን ጊዜ የሚያሳጥር ነገር እንዲፈልግልኝ ለመንኩት። አቅጣጫ ተቀምጧል አለኝ። የዚያን ቀን የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። ነጋዴዎቹ ተመለሱ፣ ዋጋውም ወደ ነበረበት ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ግማሾቹ ጥጡን ትተው ማሾ ዘሩ፤ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ። መጀመሪያ የተወው ጀማል ነው። የውሃው ቦይ በክረምት ጎርፍ ተሞልቶ ቀረ። የመርሳው መጋዘን አሁን የሽንኩርት ማቆያ ሆኗል ይላሉ፤ እኔ ሄጄ አላየሁትም።

ስለ ፍትሐዊ ንግድ መጥፎ ነገር እንዲወራ አልፈልግም። የገዢው ሕግ ልክ ነበር፤ ጥጡን የሚለብሰው ሰው መርዝ አልገባበትም ብሎ አምኖ ነው የሚገዛው። ተቆጣጣሪዋም የሠራችው ሥራዋን ነው። ጋሽ ይማምንም አልወቅስም። ይህን ሁሉ ደርድሬ ሳበቃ ግን ሰው ሁሉ ልክ ሆኖ ነገሩ እንዲህ መበላሸቱ ነው የሚያደክመኝ። አንድ ጥፋተኛ ባገኝ ሰድቤው ባረፍኩ ነበር።

የማሾ ማሳ ደግሞ ቃርሚያ የለውም። ፍሬው ተሰብስቦ ሲያልቅ ከብት ይለቀቅበታል፤ ለሴቶቹ የሚቀር ነገር የለም። ዘሃራን ከዚያ ስብሰባ ያተረፏት ሰዎች ጥጡን ሲተዉ እሷም ቃርሚያዋን አጣች። እንዲህ እንደሚሆን ያን ዕለት መደብ ላይ ተቀምጠን ስንነጋገር አላሰብነውም፤ ጋሽ ይማምም አላሰቡትም፣ እኔም አላሰብኩትም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ መርሳ ወረድኩ። ሽንኩርት እዚያ ይሻላል፤ ወልድያ ሲደርስ ተነካክቶ ነው። ገበያው መሀል «አስናቀች! አስናቄ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘሃራ ነበረች። ማዳበሪያ አንጥፋ ከፊቷ ጥቂት መደብ ሽንኩርት ደርድራለች፤ ከነጋዴ ወስዳ የምትቸረችረው ነው። ከስታለች። ተነስታ ሳመችኝ፣ ትከሻዬን ይዛ ወዘወዘችኝ፣ ደጋ ገብተሽ ወፈርሽ አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት። አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠጋ አለችኝ።

«አንቺ የጥጡን ነገር ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ለምን ተዉት? ጀማልን ብጠይቀው ዝናቡ ነው ይለኛል። ጋሽ ይማምን ብጠይቃቸው ዝናቡ ነው ይላሉ። ዝናቡማ አላህ ይመስገን እየጣለ ነው።»

ማንም እንዳልነገራት ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ ጥጡን ያጣው፣ ውሃው የቀረበት፣ ያ የተቃወመው ሰው ሳይቀር፣ አንዱም አልነገራትም። እንዳይነገራት ተማክረው እንደሁ አላውቅም፤ የተማከሩ አይመስለኝም። ስም አንሰጥም ባሉበት ልብ ነው የኖሩት። ተራው አሁን የእኔ ነበር። በሥራ ዘመኔ ለሰው ጥጥ ያልሆነውን ደረጃ ሰጥቼ አላውቅም፤ በዚህ እኮራለሁ። ፊቷን ግን እያየሁት ነበር።

«ዝናቡ ነው» አልኳት። «ሲያስፈልግ አይመጣም፣ ሳያስፈልግ ይመጣል። ጥጥ ይህን አይወድም።»

«እንዲያ ነው እንግዴ» አለችና ተነፈሰች። አመነችኝ። ከዚያ ፊቷ ፈታ አለ። «እኔ ግን በየሰላቴ ዱዓ እያደረግኩ ነው። ለጀማል ማሳ፣ ለሁላቸውም። ይመለሳል ኢንሻአላህ። ያኔ ቃርሚያዬን እንደ በፊቱ ከጀማል ጆንያ ጋር ታስገቢልኛለሽ፣ አይደል?»

«አስገባልሻለሁ» አልኳት።

መረቀችኝ። ሽንኩርቱን ስታነሳልኝ ከሌላው መደብ ዘግና ጨመረችበት፤ ብከለክላት አልሰማችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽንኩርት የምገዛው ወልድያ ነው።